ሞተር ብስክሌት ሲያስቸግር፦ ካርቡራተሩን ከመፍታታችን በፊት



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ ጽሑፍ ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌትና ስለ ካርቡራተሩ ችግር የምናወራው ይህንኑ አባባል ይዘን ነው።

ካምፓላ ውስጥ፣ በተለይ በካባላጋላና በካንሳንጋ አካባቢ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በሞተር ብስክሌት የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ አሉ። ቦዳ ቦዳ የሚነዳ አለ፤ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ዕቃ የሚያመላልስ አለ፤ እንደ እኛም ከሥራ ወደ ሥራ የሚሄድበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ ስደተኛው ሠርቶ እንዲያድር ይፈቅድለታል። ይሁን እንጂ ከነጂዎቹ ብዙዎቹ የሚነዱት የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚያስገቡት ሒሳብ አለባቸው። ሞተሩ አንድ ቀን ከቆመ የዚያ ቀን ገቢ ይቀራል፤ ሒሳቡ ግን አይቀርም። ስለዚህ የሞተር ብልሽት የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ጉዳይ ነው።

በእኛ ላይ የደረሰው

እኛ በምሽት የምናስተምር ሦስት ስደተኞች ነን። ገንዘብ አዋጥተን አንዲት አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ገዝተን በየተራ እንጠቀምባታለን። አንድ ጊዜ አመል አወጣች። ከካባላጋላ ተነሥታ የሙየንጋን ዳገት ስትጀምር ደህና ትሄዳለች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ይሰልላል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጠፋለች። ጥቂት ቆመን ስንሞክራት እንደገና ትነሣለች።

ለአንድ መካኒክ አሳየናት። «ካርቡራተሩ አልቋል፤ መቀየር አለበት» አለን። ከሦስታችን ኪስ ተሰብስቦ አዲስ ካርቡራተር ተገዛ። በማግስቱ እዚያው ዳገት ላይ ቆመች። በዚያ ወር ከመካከላችን አንዱ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ በጊዜው መክፈል አልቻለም።

በመጨረሻ አገር ቤት በጋራዥ ሥራ ብዙ ዘመን ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ወገናችንን ለመንን። ጋሼ መፍቻ እንኳ አላወጡም። ሞተሯ እንደጠፋች የቤንዚን ሰልባትዮውን ክዳን ሲከፍቱ አየር ሲገባ የሚሰማ የ«እስስ» ድምፅ ሰማን። «ልጆቼ፣ ሞተራችሁ አልታመመችም፤ ጠምቷት ነው» አሉን። ክዳኑ ላይ ያለችው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የአየር መግቢያ በጭቃ ተደፍናለች። ቤንዚን ከሰልባትዮ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ መውረዱን ያቆማል። ቀዳዳዋን ለመክፈት አንድ ቀጭን ሽቦና አምስት ደቂቃ በቂ ነበር። አዲሱ ካርቡራተር ያለ ፋይዳ የተገዛ ሆነ።

ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር ነው፦ በግምት ገንዘብ አናውጣ፤ ከርካሹና ከቀላሉ ጀምረን በቅደም ተከተል እንመርምር። የሚከተለው ማብራሪያ ጋሼ ያሳዩንንና እኛም ከዚያ ወዲህ በሥራ የፈተንነውን የያዘ ነው።

ካርቡራተር ምን ይሠራል?

አገር ቤት የዝንብና የትኋን መድኃኒት የሚረጭበትን የፍሊት ፓምፕ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እጀታውን ስንገፋ አየር በቀጭኗ ቱቦ አፍ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ አየሩ ሲፈጥን በዚያ ቦታ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም ከጣሳው ተስቦ ወጥቶ እንደ ጉም ይበተናል። ካርቡራተርም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ አየሩን የሚስበው እጃችን ሳይሆን የሞተሩ ፒስቶን መሆኑ ነው።

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ቤንዚኑ ሲበዛ ሞተሩ ያጨሳል፣ ይታፈናል፣ ነዳጅም ይጨርሳል። ቤንዚኑ ሲያንስ ደግሞ ኃይል ያጣል፣ ከመጠን በላይም ይግላል።

ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ/ ከሥር ያለው የቤንዚን ጽዋ፦ በውስጡ ፍሎት የሚባል ተንሳፋፊ አለ። እንደ ሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ኳስ ማለት ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ በትንሽ መርፌ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ይከፍታል።

ለ/ ትንሹ ጄት፦ ካምፓላ ያሉ መካኒኮች ጄት የሚሏቸው ከናስ የተሠሩ ባለ ቀዳዳ ብሎኖች ናቸው። ትንሹ ጄት ሞተሩ ያለ ነዳጅ መስጫ በዝግታ ሲዞር ቤንዚን ያቀብላል። ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ቀድሞ የሚደፈነው እሱ ነው።

ሐ/ ትልቁ ጄት፦ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ሥራውን የሚይዝ ነው።

መ/ ስላይድና መርፌው፦ ነዳጅ መስጫውን ስንጠመዝዝ በሽቦ ተስቦ ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል ስላይድ ይባላል። ከሥሩ የተንጠለጠለው ረጅም መርፌ በመካከለኛ ፍጥነት የሚገባውን ቤንዚን ይመጥናል።

ሠ/ ቾክ፦ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብዙ ቤንዚን ያለበት ቅልቅል እንዲያገኝ ያደርጋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናስታውስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን ካምፓላ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚፈልገው ቤንዚን ያንሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የለመድነውን ማስተካከያ እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይገባም።

ከመፍታት በፊት ሦስት ጥያቄዎች

ሞተር እንዲነሣ ቤንዚን፣ አየርና እሳት ይፈልጋል። ሦስቱን በየተራ እንጠይቅ።

1ኛ/ ቤንዚን ይደርሳል ወይ? መክፈቻና መዝጊያው ክፍት መሆኑን፣ ሰልባትዮው ውስጥም ቤንዚን መኖሩን ያረጋግጡ። ቀጥሎ መክፈቻውን ዘግተው ቱቦውን ከካርቡራተሩ ላይ ይንቀሉና ጫፉን በሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ይክፈቱት። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጀምሮ እየደከመ ከሄደ የሰልባትዮውን ክዳን ይክፈቱ፤ ያን ጊዜ ፍሰቱ ከተመለሰ ችግሩ እንደ እኛው የክዳኑ ቀዳዳ ነው። ካልተመለሰ ማጣሪያውን ወይም የመክፈቻውን ወንፊት ዝገትና ቆሻሻ ዘግቶት ይሆናል።

ጠርሙሱን ጥቂት አስቀምጠው ይመልከቱት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት የካምፓላ የዝናብ ወራት ይህ ችግር ይበዛል። በጀሪካን ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ቤንዚን ከመግዛት ከማደያ መቅዳት ይሻላል።

2ኛ/ አየር ይገባል ወይ? የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ይክፈቱ። የካምፓላ ቀይ አቧራ ማጣሪያ ቶሎ ይደፍናል። ማጣሪያው የስፖንጅ ዓይነት ከሆነ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። የወረቀት ዓይነት ከሆነ በቀስታ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም፤ ካረጀ ይለወጣል። «ያለ ማጣሪያ ኃይል ይጨምራል» የሚሉትን አይስሙ። አቧራው እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኖ ሲሊንደሩን ይበላዋል።

3ኛ/ እሳት አለ ወይ? መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳንና መክፈቻ ይዝጉ፤ በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን ይመልከቱ። ካንዴላውን ይፍቱና ከቆቡ ጋር አያይዘው የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ያርቁት። መርገጫውን ሲመቱ ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ብልጭታ ከሌለ ወይም ደካማ ቢጫ ከሆነ ካንዴላውን፣ ቆቡንና ሽቦውን ይመርምሩ። ያን ጊዜ ካርቡራተሩን መውቀስ ከንቱ ነው።

ካንዴላው ምን ይናገራል?

ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ሞተሩን ካጠፉና ካቀዘቀዙ በኋላ የካንዴላውን ጫፍ ይመልከቱ።

- ቀላል ቡና ዓይነት ከሆነ ቅልቅሉ ደህና ነው።
- እንደ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል።
- ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ወይም አየር በማይገባበት በኩል እየገባ ነው።
- በቤንዚን የራሰ ከሆነ ቤንዚን ሞልቶ ፈሷል፤ ወይም እሳት የለም።
- በዘይት የቀባባ ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ይህ የካርቡራተር በሽታ አይደለም።

ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሲያስቸግር ቾኩን በከፊል ይሳቡ። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ከባሰበት ቤንዚን በዝቶበታል።

ችግሩ መቼ ነው የሚመጣው?

ሐኪም «መቼ ያምዎታል?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሞተርንም እንዲሁ መጠየቅ ይገባል። ነዳጅ መስጫው በምን ያህል ሲከፈት እንደሚያስቸግር ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሀ/ ቆሞ ሲዞር የሚጠፋ፣ ሲነዱት ግን ደህና የሚሄድ ከሆነ ትንሹ ጄት ወይም የዝግታ ማስተካከያው ብሎን ይጠረጠራል።

ለ/ በመካከለኛ ፍጥነት የሚቆራረጥ ከሆነ መርፌውንና የመርፌውን መያዣ ቅንጥብ ይመልከቱ።

ሐ/ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ወይም ዳገት ላይ ኃይል የሚያጣ ከሆነ ትልቁ ጄት፣ ወይም ወደ ካርቡራተሩ የሚመጣው የቤንዚን መጠን ይጠረጠራል። ዳገት ብዙ ቤንዚን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ትንሽ መደፈን በሜዳ ሳይታወቅ ዳገት ላይ ይጋለጣል።

መ/ ነዳጅ መስጫውን ሲለቁት ድምፁ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ሽቦው ተይዟል፤ ወይም በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ይስባል። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ድምፁ ከጨመረ ሽቦው ተወጥሯል። ጎማውን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ውሃ በብሩሽ ይቀቡት፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር በዚያ ይገባል።

ሠ/ ቤንዚን ከሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ የተንሳፋፊው መርፌ ቆሻሻ ይዞታል ወይም በልቷል። አንዳንዴ ጽዋውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ቆሻሻውን ያስለቅቀዋል። ካልሆነ መፍታት ነው። ተንሳፋፊውን ሲነቀንቁት በውስጡ ቤንዚን ከተሰማ ተበስቷልና መለወጥ አለበት። እንዲህ ያለ ሞተር ሌሊት መክፈቻው ሳይዘጋ ካደረ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ዘይት ሊገባና ዘይቱን ሊያቀጥነው ይችላል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሳይለወጥ አይነዳ።

እንዴት ይጸዳል?

ከላይ ያሉት ሁሉ ታይተው ጥርጣሬው ካርቡራተሩ ላይ ካረፈ ማጽዳት ነው እንጂ መግዛት አይደለም። አብዛኛው የካርቡራተር ችግር ቆሻሻ ነው።

1ኛ/ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መክፈቻውን ይዝጉ። ከጽዋው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርገው ቤንዚኑን በዕቃ ይቀበሉ።

2ኛ/ በሚፈቱበት ጊዜ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ክፍሎቹን በፈቱበት ቅደም ተከተል ይደርድሩ። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይረዳል። የመርፌው ቅንጥብ በስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይጻፉ።

3ኛ/ የቅልቅል ማስተካከያውን ብሎን ከመፍታት በፊት ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ እያጠበቁ ስንት ዙር እንደሆነ ይቁጠሩና ይጻፉ። እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው፤ ከጠበቀ ጫፉ ይበላሻል።

4ኛ/ ጄቶቹን በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ ይፍቱ። ናስ ለስላሳ ስለሆነ ያልተስማማ ካቻቢቴ ራሱን ይበላዋል። ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱ፤ ቀዳዳው ክብ ሆኖ መታየት አለበት። በካርቡራተር ማጽጃ ወይም በጥቂት ንጹሕ ቤንዚን ያጽዱ፤ በብስክሌት ፓምፕ ይንፉ። የብረት ሽቦና መርፌ ፈጽሞ አያስገቡ። ቀዳዳውን በጥቂቱም ቢሆን ካሰፉት ቅልቅሉ ለዘለቄታው ይበላሻል። የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ትበቃለች።

5ኛ/ ማጽጃው ኃይለኛ ስለሆነ ጎማዎችና ማሸጊያዎች አይነከሩበት። በሚነፉበት ጊዜ ዓይንዎን ይጠብቁ።

6ኛ/ ሲመልሱ የስላይዱ የተቆረጠ ጎን ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ይሁን። ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ሊጮህና አልበርድ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ «ጠቅ» ብሎ መመለሱን ያረጋግጡ።

7ኛ/ የቅልቅል ብሎኑን በጻፉት ዙር ይመልሱ። ያልተጻፈ ከሆነ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር መላላት ጥሩ መነሻ ነው። ብሎኑ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ አየር የሚመጥን ነው፤ ሲላላ ቤንዚኑ ያንሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ቤንዚን የሚመጥን ነው፤ ሲላላ ቤንዚኑ ይበዛል። የመጨረሻው ማስተካከያ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ይደረጋል።

እኛ አስተማሪዎች ነንና አንድ የክፍል ሕግ እንጨምር፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ከዚያ ነድተው ይሞክሩት። ሦስት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው፣ የትኛውስ እንዳባሰው አያውቅም።

ካርቡራተሩ ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ

የቫልቮላ ክፍተት ጠቦ ይሆናል፤ ወይም ፒስቶኑና ቀለበቶቹ አርጅተው ሞተሩ እመቃ አጥቷል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ጭስ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እመቃውንና ቫልቮላውን ለመመርመር የታመነ መካኒክ ያስፈልጋል። ያን ጊዜም ቢሆን «ሞተሩ ታሟል» ብቻ ብለው አይስጡት። «ቤንዚን ይወርዳል፤ እሳት አለ፤ ካንዴላው ነጭ ነው፤ ዳገት ላይ ብቻ ይጠፋል» ብለው ይንገሩት። በሉጋንዳ ነዳጅ «አማፉታ» ይባላል፤ ቋንቋው ባይሞላም በጣት እያሳዩ ማስረዳት ይቻላል። ምን እንደተመረመረ የሚያውቅ ደንበኛ ያለ ፍላጎቱ ዕቃ አይገዛም። የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ተቀብለው ይሂዱ፤ የእርስዎ ንብረት ነው።

ስለ እሳት አደጋ

ይህን ክፍል ማንም ዘሎ እንዳያልፈው አደራ እንላለን። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው። በዚያው ክፍል ይበስላል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይተኛሉ። የቤንዚን ትነት በዓይን አይታይም፤ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተስቦ ራቅ ወዳለ ከሰል ምድጃ ሊደርስና እሳቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ካርቡራተር ቤት ውስጥ አይፈታ። በደጅ፣ በቀን ብርሃን፣ ከምድጃ፣ ከሻማና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አጠገብዎ ይኑር። የተረፈውን ቤንዚን በውሃ መጠጫ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።

ማጠቃለያ

በካምፓላ መንገዶች ላይ ዛሬ በባትሪ የሚሠሩ ቦዳ ቦዳዎችም ይታያሉ። ቢሆንም ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። በየሳምንቱ ክዳኑን፣ ማጣሪያውንና የቤንዚኑን ንጽሕና ማየት፣ ማታ ማታም መክፈቻውን መዝጋት ገንዘብ አይጠይቅም።

የእኛይቱ ሆንዳ ዛሬም ከነዳገቱ ወደ ሙየንጋ ትወጣለች። «አልቋል» የተባለውን የድሮውን ካርቡራተር አልጣልነውም። በምሽቱ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ወጣቶቹ እየፈቱ ይገጥሙታል። አንድ ቀን መልሰን ሆንዳዋ ላይ አስረን ሞከርነው፤ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣች።